የሥዕል ዕቃ ለአሶሳ፦ ነጋዴው ምን ይጫን? ተማሪውስ ምን ይግዛ?

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋናው አካል 1,780 ሜትር ርዝመትና 145 ሜትር ከፍታ አለው። አንድ የንድፍ ተማሪ ይህን ግድብ በወረቀት ላይ ላስፍረው ቢል መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ነው። ምን ዓይነት ወረቀት ይግዛ? በ1 ለ 2,000 ስኬል ቢነሳ የግድቡ ርዝመት 89 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኤ1 የሚባለው ወረቀት ግን ርዝመቱ 84.1 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አይበቃውም። ወደ 1 ለ 2,500 ቢወርድ 71.2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ኅዳጉም ተርፎ ይገባል። በ1 ለ 5,000 ደግሞ 35.6 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 42 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ኤ3 ይበቃዋል። ይህችን ትንሽ ስሌት ሳይሠራ ወደ መደብር የገባ ተማሪ ገንዘቡን፣ ሳይሠራ ዕቃ የጫነ ነጋዴም ካፒታሉን ያባክናል።

እንደሚታወቀው በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የሚገኘው የግድቡ መሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ለመሆን በቅታለች። የምሕንድስና ትምህርት ባለበት ሁሉ የድሮዊንግ ክፍል አለ። የድሮዊንግ ክፍል ካለ ደግሞ የወረቀት፣ የእርሳስና የቀለም ገበያ ይኖራል። ይሁን እንጂ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ ገብቶ፣ ከመርካቶ ተነሥቶ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው አሶሳ የሚደርሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመሆኑም ቀድሞ በቀላሉ ይታለፍ የነበረ የምርጫ ስሕተት ዛሬ እጥፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ለመሆኑ ምን ይመረጥ? ከወረቀት እንጀምር። የኤ ተከታታይ ወረቀቶች መነሻ የሆነው ኤ0 ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር ነው። ኤ1 የዚህ ግማሽ፣ ኤ3 ደግሞ 8ኛው እጅ ነው። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግራም የ1 ካሬ ሜትር ክብደት ስለሆነ ነጋዴው የጭነቱን ክብደት ከቤቱ ሳይወጣ ማስላት ይችላል። ባለ 200 ግራም ኤ3 አንዱ ቅጠል 25 ግራም ስለሚመዝን 500 ቅጠል 12.5 ኪሎ ይሆናል። ያው ወረቀት በኤ1 ሲሆን 500 ቅጠል 50 ኪሎ ይመዝናል። ለልምምድ ባለ 80 ግራም ኤ3 ይበቃል፤ 500 ቅጠሉም 5 ኪሎ ብቻ ነው። የውሃ ቀለም ለሚጠቀም ግን ከ200 ግራም በታች ያለው ወረቀት ስለሚሸበሸብ ርካሹ ወረቀት መልሶ ውድ ይሆናል።

እርሳስን በተመለከተ፣ ኤች የሚል ምልክት ያለበት ጠንካራና ነጣ ያለ መስመር፣ ቢ የሚል ያለበት ለስላሳና ጥቁር መስመር ያወጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከግራፋይቱ ጋር የሚደባለቀው የሸክላ አፈር መጠን ነው፤ ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል። ለተማሪ 2ኤች ለመነሻ መስመር፣ ኤችቢ ለመደበኛ ሥራ፣ 2ቢና 4ቢ ለጥላ ይበቁታል። አሥራ ሁለት ደረጃ ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ለስጦታ ያምራል እንጂ ለክፍል ግዴታ አይደለም።

የቀለም እስክሪብቶ ውፍረትም የራሱ ሥርዓት አለው። 0.25፣ 0.35፣ 0.5 እና 0.7 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከቀዳሚው በ1.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ከኤ3 ወደ ኤ2 ሲኬድ ወረቀቱ የሚያድገውም በዚሁ እጥፍ ነው። ስለዚህ በ0.35 የተሠራ ንድፍ ወደሚቀጥለው ወረቀት ተባዝቶ ቢወጣ መስመሩ 0.5 ይሆናል። ከነዚህ ሦስቱን የያዘ ተማሪ የክፍሉን ሥራ ይወጣል።

ገንዘብ በብዛት የሚታሰረው በማርከር ላይ ነው። ሬንደሪንግ ማለት ንድፉ ገና ያልተሠራውን ሕንፃ እንዲመስል ብርሃን፣ ጥላና ቀለም መስጠት ነው። ግድቡን ለሚሥል ተማሪ ለኮንክሪቱ ፈዛዛ፣ መካከለኛና ጥቁር ግራጫ፣ ለውሃው ሰማያዊ፣ ለጫካው ሁለት አረንጓዴ፣ ለአፈሩ ቡናማ ከበቂ በላይ ነው። ከ48 ማርከሮች ስብስብ ውስጥ የሚገለገለው በ12ቱ ብቻ ከሆነ ከከፈለው 100 ብር 75ቱ በሣጥን ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ነጋዴውም ስብስቡን ከማከማቸት ይልቅ ግራጫውን በነጠላ ቢሸጥ ገንዘቡ ቶሎ ይዞርለታል። በአልኮል የሚሠራ ማርከር ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ እየተነነ ይደርቃል፤ በተራ ወረቀት ላይ ደግሞ ወደ ጀርባ ያልፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ክዳኑን ከፍቶ፣ ይዞት በሄደው ወረቀት ላይ ሞክሮ ይግዛ። ማስመሪያንም ቢሆን ከሌላ ማስመሪያ ጋር አስተያይቶ፣ ቁጥሩ መግጠሙን አረጋግጦ መግዛት ይገባዋል።

የአየሩም ጠባይ መታሰብ አለበት። አሶሳ ረጅም ክረምት ያለባት ከተማ ናት። ወረቀት እርጥበት ስለሚስብ መሬት ላይ የተቀመጠ ጥቅል ይጣመማል። ወረቀቱ ከወለል ከፍ ብሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎና ተዘርግቶ መቀመጥ ይኖርበታል። በክረምት ብዙ ጭኖ ከማስቀመጥ ትምህርት ሲከፈት በትንሽ በትንሹ ማመላለስ ይሻላል።

በመጨረሻም ሁሉም ነገር ከመርካቶ መምጣት የለበትም። የሥዕል ከሰል ቀጫጭን እንጨቶችን በቆርቆሮ ውስጥ ከአየር ዘግቶ በማክሰል የሚሠራ ነው። የድሮዊንግ ሰሌዳን ማንኛውም ጠንቃቃ አናጺ ከኮምፔንሳቶ ያወጣዋል። ክልሉ በሚታወቅበት ቀርከሃም የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች የመቃ ብዕር በሚቀርጹበት ዘዴ የቀለም ብዕር መቅረጽ ይቻላል። እነዚህ ሦስቱ ዶላር አይጠይቁም።

እንግዲህ ወደ አሶሳ ለመጫን ያሰበ ነጋዴ ከሁሉ በፊት ዕቃ የሚቆጥርበትን ዝርዝር ከአከፋፋዩ ሳይሆን ከመምህሩ ይውሰድ። ክፍሉ ምን ያህል ተማሪ አለው? በየትኛው ወረቀት ይሠራል? በየስንት ጊዜው ሥራ ያስረክባል? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳይኖር የተጫነ ዕቃ መደርደሪያ ከማሞቅ አያልፍም፤ ተማሪውም የሚፈልገውን አንድ እስክሪብቶ አጥቶ የማይፈልገውን ሙሉ ሣጥን ሊገዛ ይገደዳል።