በላላ ክር የሚነገር ታሪክ፦ የሃዋይ የሙዚቃና የባህል ካምፖች ምን ያስተምራሉ?

ጊታሩን ይዞ ወደ ሃዋይ የሙዚቃና የባህል ካምፕ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ጊታር ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ትምህርቱ የሚከፈተው በ"ኦሊ" ነው። ኦሊ ያለ ጭፈራ፣ በድምፅ ብቻ የሚወረድ ጥንታዊ ዜማ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ እንግዳ ወደ ሰው ቤት ወይም ወደ ትምህርት ስፍራ ከመግባቱ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅበት ነው። ተማሪዎቹ ከደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ መምህሩ ከውስጥ በዜማ መልሶ እንዲገቡ ይፈቅዳል። ክር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ ለታይታ የተጨመረ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የካምፖቹን ዓላማ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገልጻል። የሃዋይ ሙዚቃ በብዙ ሰው ጆሮ የገባ፣ በጥቂት ሰው ብቻ የተሰማ ሙዚቃ ነው። ዩኩሌሌውን፣ የአበባ ጉንጉኑንና የወገብ ውዝዋዜውን በፊልም ወይም በቱሪዝም ማስታወቂያ ያየው እጅግ ብዙ ነው። ዜማዎቹ የተገጠሙበት ቋንቋ ግን ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ከልጆች አፍ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ካምፖቹ ዜማውንና ቃሉን መልሰው ለማገናኘት ይጥራሉ።

ካምፖቹ በአብዛኛው አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያሉ። በደሴቶቹም ሆነ በርካታ የሃዋይ ተወላጆች በሚኖሩበት በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘጋጃሉ። ከታወቁት መካከል ጊታር ተጫዋቹ ኬኦላ ቢመር ከቤተሰባቸው ጋር የመሠረቱት አሎሃ የሙዚቃ ካምፕ ይገኝበታል። ቀኑ በትምህርት ያልፋል፦ ጊታር፣ ዩኩሌሌ፣ "ሁላ" የተባለው ጭፈራ፣ የሃዋይ ቋንቋ፣ ከቅጠል ምንጣፍና ባርኔጣ መሥራት፣ አበባ መጎንጎን። ማታ ደግሞ "ካኒካፒላ" አለ፤ መምህርና ተማሪ፣ ጀማሪና አንጋፋ በአንድነት ተቀምጠው የሚጫወቱበት ምሽት ነው። የማያውቀው ዜማ የገጠመው ሰው የጎረቤቱን እጅ እያየ ይከተላል።

በብዙዎቹ ካምፖች ትልቁን ስፍራ የሚይዘው "ኪ ሆአሉ" የተባለው የጊታር አጨዋወት ነው፤ "የላላ ቅኝት" እንደማለት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከሙዚቃ ሳይሆን ከከብት ነው። እንግሊዛዊው የባሕር መኮንን ጆርጅ ቫንኩቨር እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1793 ለንጉሥ ካሜሃሜሃ ቀዳማዊ ከብቶች በስጦታ አበረከተ። ንጉሡ እንዳይታረዱ ስለከለከሉ ከብቶቹ ተባዝተው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የገበሬውን ማሳ የሚያወድሙ የዱር መንጋዎች ሆኑ። በ1830ዎቹ በወቅቱ የሜክሲኮ ግዛት ከነበረችው ካሊፎርኒያ ፈረሰኛ እረኞች ተጠሩ። እነርሱም ከገመድና ከኮርቻ ጋር ጊታር ይዘው መጡ። በተለምዶ እንደሚነገረው፣ እረኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ጊታሮቹ በደሴቶቹ ቀሩ። የሃዋይ ሰዎችም መሣሪያውን ለራሳቸው ጆሮና ለራሳቸው ዜማ እንዲስማማ አድርገው ቃኙት።

ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ክሮቹን እንደሚያጠብቅና እንደሚያላላ ሁሉ፣ የሃዋይ ጊታር ተጫዋችም ዜማውን ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን ይለውጣል። በተለመደው ቅኝት የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ እና ኢ ናቸው። "ታሮ ፓች" በሚባለው፣ ለጀማሪዎች በሚሰጠው የሃዋይ ቅኝት፣ ወፍራሙ ክር ከኢ ወደ ዲ፣ ቀጣዩ ከኤ ወደ ጂ፣ ቀጭኑ ደግሞ ከኢ ወደ ዲ ይላላሉ። ክሮቹ አንድም ጣት ሳያርፍባቸው ቢመቱ የተስማማ የጂ ሜጀር ኮርድ ይሰማል። ከዚያ አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን የሁለት ሰው ያህል ይጫወታል። ቅኝቱ የተሰየመበት ታሮ በኢትዮጵያ ጎደሬ የሚባለው ተክል ነው። ለሃዋይ ሕዝብ ከምግብም በላይ ነው፤ በጥንታዊ አፈ ታሪካቸው ጎደሬ የሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ተደርጎ ይቆጠራል።

እነዚህ ቅኝቶች ለረጅም ጊዜ የቤተሰብ ምስጢር ነበሩ። አባት ለልጁ፣ አያት ለልጅ ልጁ ያስተላልፉታል እንጂ ለጎረቤት አይገለጹም። ቅኝቱን ሌላ ሰው እንዳያይበት የሚሰውር፣ ተጫውቶ ሲያበቃም ክሮቹን ፈትቶ የሚሄድ ተጫዋች ነበር። ምስጢሩ ጥበቡን ከወረት ጠብቆታል፤ ይሁንና ልጆች ወደ ከተማ ሲሄዱና ሌላ ሙዚቃ ሲያዳምጡ፣ አዛውንቱ ሲያልፉ ቅኝቱም አብሮ የሚቀበርበት ጊዜ መጣ። ጋቢ ፓሂኑዊ የተባለው ዝነኛ ተጫዋች ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሸክላ ማስቀረጹ የመጀመሪያው መከፈት ነበር። ኬኦላ ቢመር በ1973 የኪ ሆአሉን ማስተማሪያ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ደግሞ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰውም የሚማርበት በር ተከፈተ። የዛሬዎቹ ካምፖች የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው።

የሌሎቹ መሣሪያዎች ታሪክም የመጤና የተወላጅ ቅልቅል ነው። ዩኩሌሌ በ1879 ራቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከማዴራ ደሴት የመጡ ፖርቱጋላውያን ይዘውት ከገቡት ትንሽ ጊታር የተወለደ ነው፤ ስሙ በተለምዶ "ዘላይ ቁንጫ" ተብሎ ይተረጎማል፣ በክሮቹ ላይ ለሚዘሉት ጣቶች። በክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ስቲል ጊታር የፈጠረው ደግሞ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የኦዋሁ ደሴት ወጣት እንደሆነ ይነገራል። ድምፁ በኋላ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ መለያ ሆኗል፤ አድማጮቹ ከየት እንደመጣ ብዙም አያስታውሱም።

ከክሩ ይልቅ የሚከብደው ቃሉ ነው። የሃዋይ ቋንቋ በ13 ፊደላት ብቻ ይጻፋል፤ አምስት አናባቢና ስምንት ተነባቢ። አንዱ ተነባቢ "ኦኪና" የሚባለው፣ በጉሮሮ የሚደረግ አጭር መቋረጥ ነው። የአናባቢ እጥረትና ርዝመትም ትርጉም ይለውጣል፦ "ካላ" ባጭሩ ሲባል መፍታት ወይም ይቅር ማለት ነው፤ ሁለቱም አናባቢዎች ሲረዝሙ ገንዘብ ማለት ይሆናል። "ገና" የሚለው የአማርኛ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በካምፖቹ ዘፈን የሚጠና ሰው ግን ይህን ልዩነት ሳይለይ ቢያዜም ይቅርታን ገንዘብ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህም የጠለቀው "ካኦና" ነው። ካኦና በሃዋይ ግጥም ውስጥ የሚሰወር ትርጉም ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሰምና ወርቅ ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ስለ ዝናብ የሚመስለው ዘፈን ስለ ፍቅር፣ ስለ አበባ የሚመስለው ስለ ሕዝብ ሊሆን ይችላል። "ካኡላና ና ፑአ" የተባለው ዘፈን ጥሩ ምሳሌ ነው። በጥር 1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች በተደገፉ ነጋዴዎችና ባለ ርስቶች ከዙፋን ተወገዱ። የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ለአዲሱ መንግሥት የታማኝነት ቃለ መሐላ አንፈርምም አሉ፤ ኤለን ፕሬንደርጋስት የተባሉ ሴትም ለእነርሱ ይህን ዘፈን ደረሱላቸው። ርዕሱ ስለ አበቦች ዝና ይናገራል፤ አበቦቹ የአገሪቱ ልጆች ናቸው፤ መልእክቱም የሥልጣን ነጠቃውን አልቀበልም የሚል ነው። ዜማው ደስ የሚል ሆኖ ስለሚቀርብ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ፈገግ ብሎ ሊያጨበጭብለት ይችላል።

ቋንቋው ራሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከ1834 ጀምሮ በሃዋይ ቋንቋ ጋዜጦች ይታተሙ ነበር፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ወደ መቶ የሚደርስ ጋዜጦች ወጥተዋል። በ1896 የወጣው ሕግ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ አደረገ። ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤት በእናት ቋንቋቸው የተናገሩ ልጆች ይቀጡ ነበር፤ የተቀጡትም ወላጅ ሲሆኑ ልጆቻቸውን ከቅጣት ለማዳን ቋንቋውን ሳያወርሱ ቀሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋውን የሚናገሩ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከ50 አይበልጡም ነበር። የ1978ቱ የክልሉ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሃዋይ ቋንቋን ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው፤ ጥቂት ወላጆችና መምህራን ደግሞ "ፑናና ሌዮ" ወይም "የቋንቋ ጎጆ" የተባሉትን መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። ዛሬ በካምፖቹ ከሚያስተምሩት ወጣቶች መካከል ቋንቋውን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሊገኙ ይችላሉ።

ሁላም ተመሳሳይ መንገድ አልፏል። ሚስዮናውያን በ1820 ከደረሱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ክርስትናን የተቀበሉት ንግሥት ካአሁማኑ ጭፈራውን በአደባባይ ከለከሉ። ንጉሥ ካላካኡዋ በ1883 የዘውድ በዓላቸው ላይ መልሰው አደባባይ አወጡት። በሂሎ ከተማ በየዓመቱ የሚካሄደው ሜሪ ሞናርክ የተባለው ፌስቲቫል ስሙን ያገኘው ከእኚህ ንጉሥ ቅጽል ነው። በካምፖች ሁለቱም ዓይነት ይሰጣል፦ በከበሮና በቅል ምት፣ በኦሊ የሚታጀበው ጥንታዊው "ካሂኮ"፣ እና በጊታርና በዩኩሌሌ የሚጨፈረው "አውአና"። ጀማሪው ቶሎ የሚረዳው ነገር ወገቡ ዋናው እንዳልሆነ ነው። እጅ ነፋስን፣ ማዕበልን፣ ተራራን ይናገራል፤ ቃሉን ያልተረዳ እጅ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል።

የነገሩ ክብደት በአንዲት ሴት ሕይወት ይታያል። በ1923 የተወለዱት ኖና ቢመር፣ የኬኦላ እናት፣ በሃዋይ ተወላጆች ልጆች ስም በተቋቋመ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ ቆመው ሁላ በመጨፈራቸውና በማዜማቸው ከትምህርት ቤቱ ተባርረው ነበር። በኋላም እዚያው ትምህርት ቤት ለአርባ ዓመታት ገደማ የሃዋይን ባህል አስተምረዋል። በ2008 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ተረት፣ ዜማና ጭፈራ ለተማሪዎች ያካፍሉ ነበር። ልጅነታቸውን በዚህ ቅጣት ያሳለፉ ሰዎች ከውጭ የመጣን እንግዳ ተቀብለው ማስተማራቸው በራሱ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው።

በተወላጆቹ መካከልም መልሱ አንድ አይደለም። አንዳንዶች ምስጢሩ ተከፈተ ማለት ተሸጠ ማለት ነው ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። የካምፕ ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ማረፊያ ሲደመር ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ የሚችለውን የደሴቱ ልጅ ላይችለው ይችላል። በደሴቶቹ ያለው የኑሮና የቤት ውድነት ብዙዎችን አስሰድዷል፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ በአሜሪካ ከሚኖሩት የሃዋይ ተወላጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሃዋይ ውጭ ተገኝተዋል። በአንጻሩ፣ በካሊፎርኒያ ወይም በኔቫዳ ተወልዶ አያቱ ያዜሙት የነበረውን ቃል ለማያውቅ ወጣት ካምፕ ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘው አጋጣሚ ነው። አብሮት የተቀመጠው እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ መምህሩን ያኖራል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ስለዚህ ለመሳተፍ የሚያስብ ሰው ከመሣሪያው ይልቅ ሥርዓቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ድምፅም ሆነ ምስል ከመቅረጽ በፊት መምህሩን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ኦሊና ጭፈራ ከክፍሉ አይወጣምና። ዘፈን ሲያቀርቡ የደራሲውን፣ የተደረሰለትን ሰው ወይም ቦታና ያስተማረውን መምህር ስም መጥራት የተለመደ ነው። በሁላ መምህሩ "ኩሙ" ይባላል፤ ቃሉ ግንድና ምንጭ ማለትም ነው። አንድ ሳምንት የተማረ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ሁላ ማስተማር ቢጀምር እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ኩሙ ለመሆን የዓመታት ትምህርትና የመምህር ፈቃድ ያስፈልጋልና። ጣት የሚለምደው ግን በሳምንት ውስጥም ብዙ ነው፤ ጊታር ትንሽ የሚያውቅ ሰው በታሮ ፓች አንድ ሁለት ዜማ ይዞ መመለስ ይችላል።

በመጨረሻው ቀን ተማሪዎቹ የቀሰሙትን የሚያሳዩበት "ሆይኬ" ይደረጋል። እንደ ብዙ የሃዋይ ስብሰባዎች ሁሉ መዝጊያው ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያዜሙት "ሃዋይ አሎሃ" ነው። ብዙዎች እንደ ብሔራዊ መዝሙር የሚያዩትን ይህን ዘፈን የገጠሙት ሎሬንዞ ላዮንስ የተባሉ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ናቸው። በ1832 መጥተው ቋንቋውን ጠንቅቀው ተማሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው 1886 ድረስም በሃዋይ ደሴት ኖረው በዚያው ቋንቋ ሰበኩ፣ ጻፉ።