ሥርዓት ሲወድቅ ካቢኔ እንዴት ይዋቀራል

የሽግግር መንግሥት ካቢኔ ምርጫ ሳይካሄድ የሚቋቋም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። በአመሠራረቱ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ሚኒስትሮቹን የሚሾመው ማን ነው? ወንበሩ በምን መለኪያ ይከፋፈላል? ከወደቀው ሥርዓት ባለሥልጣናት የትኞቹ ይቆያሉ? በኢትዮጵያ ታሪክ ለሦስቱም መልስ የሰጠው በአብዛኛው ጦር የያዘው ወገን ነው።

የ1909 ዓ.ም. ለውጥ የተወሰነው በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነበር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ከሥልጣን ከተሻሩ በኋላ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ፤ ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ንጉሡ ድል ተነሥተው ተማረኩ። ዘውዱ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱም ወደ ራስ ተፈሪ ቢዞርም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሚኒስትሮች ሥርዓት ከነሰዎቹ ቀጠለ። ይህ ብዙ አልቆየም። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ (የማዕከላዊው መንግሥት ጦር) ወታደሮች ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ሲሉ ጠየቁ፤ ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በስተቀር ሁሉም ተሻሩ። ያመፀው ወታደር የራሱን አለቃ በቦታው መተዉ የካቢኔው መሠረት የት እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

በ1966 ዓ.ም. የሆነው ሌላ መልክ አለው። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በየካቲት ወር ሥልጣን ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ፤ በሐምሌ ደግሞ ሚካኤል እምሩ መጡ። ወታደራዊው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በአመዛኙ ለሲቪል ባለሙያዎች ትቶ ውሳኔውን ለራሱ ያዘ። ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉና እንዳልካቸው፣ ኅዳር 14 ቀን ያለ ፍርድ ከተረሸኑት መካከል ነበሩ።

በጽሑፍ የተደነገገ የሽግግር ካቢኔ አመሠራረት የታየው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር (ኢሕአዴግ) ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከሰኔ 24 እስከ 28 የተካሄደው ጉባኤ የሽግግር ወቅቱን ቻርተር አጸደቀ። በቻርተሩ መሠረት እስከ 87 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ኢሕአዴግ 32፣ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) 12 ወንበር ያዙ። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ርእሰ ብሔርም ነበር፤ እሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሾም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚኒስትሮቹን ዝርዝር ያቀርብ፣ ምክር ቤቱም ያጸድቅ ነበር። ርእሰ ብሔሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የምክር ቤቱ ምክትል ሊቀ መንበርና ጸሐፊው ከተለያዩ ብሔረሰቦች መሆን ነበረባቸው። መለስ ዜናዊ ርእሰ ብሔር ሆነው ታምራት ላይኔን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ።

ለሚኒስትሮች ምርጫ ቻርተሩ ሰፊ ብሔራዊ ውክልናን፣ የሙያ ብቃትንና ለቻርተሩ ታማኝ መሆንን አንድ ላይ ጠየቀ። ሦስቱ ግን አብረው ለመሄድ ይቸገራሉ፤ ሦስተኛውም በጉባኤው የተቃወመውን ሁሉ ከወዲሁ ከደጅ የሚያስቀር ነው። 17 አባላት በነበሩት ካቢኔ የውጭ ጉዳይ ለስዩም መስፍን፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ለኩማ ደመቅሳ ተሰጠ፤ የኢሕአዴግ ጦርም የአገሪቱ መከላከያ ሆነ። ከኦነግ ኢብሳ ጉተማ ትምህርትን፣ ዘገየ አስፋው ግብርናን ያዙ። ዘገየ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ ካዘጋጁት አንዱ ነበሩ።

የኃይል ሚዛኑ የታየው ሚኒስትሮች ሲወጡ ነው። ኦነግ በሰኔ 1984 ዓ.ም. ከክልልና ወረዳ ምርጫው፣ ቀጥሎም ከመንግሥቱ ራሱን አገለለ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የተወሰኑ የደቡብ ድርጅቶች ከምክር ቤቱ ተባረሩ። መንግሥቱ በሁለቱም ጊዜ አልወደቀም፤ ውክልናው ግን ጠበበ፣ ይህም ለአገሪቱ ከባድ ኪሳራ ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ በደቡብ አፍሪካ በ1986 ዓ.ም. በተጀመረው የአንድነት መንግሥት ቢያንስ 20 የፓርላማ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ በካቢኔ የመወከል መብት ነበረው፤ ልዩነቱ ወንበሩን ያከፋፈለው የሕዝብ ድምፅ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሱዳን ስምምነት ግን የመከላከያና የአገር ውስጥ ሚኒስትሮችን የሚያጩት ወታደሮቹ ነበሩ።

ካቢኔ አዲስ አበባ ሲሰየም በሰሜን ሸዋ ከተሞች በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ የሚታየው የወረዳው ሹም ሽር ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ የቀበሌ አመራር ሲፈርስ በየቦታው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴዎች ተተኩ። ለአማራው የሚናገር ድርጅት በጉባኤው ስላልነበረ፣ የእነዚህ ወረዳዎች ድምፅ በዋናነት ያለፈው በታምራት ላይኔ ድርጅት በኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኢሕዴን) በኩል ነው፤ ኢሕዴን ግን ያኔ ኅብረ ብሔራዊ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ጉባኤውን የተቃወሙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ መላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን የመሠረቱት በ1984 ዓ.ም.፣ ካቢኔው ከተሰየመ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱ በ14 ክልሎች ስትከፈል ሰሜን ሸዋ ወደ ክልል 3 ገባ። የሽግግሩ ካቢኔ እስከ ነሐሴ 1987 ዓ.ም. ቆይቶ፣ ሥልጣኑን በምርጫ ለተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት አስረከበ።