ፋይልን ከነባለቤቱ መመለስ

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ዘመን፣ ኋላም በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሳቢያ ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንን ተቀብሏል። ሰነዱን በቤቱ ጥሎ የወጣ ስደተኛ ማንነቱ የሚታወቀው በአብዛኛው በመዝገብ ነው። ስለዚህ የመዝገብ መጥፋት ወይም ባልተገባ ሰው እጅ መግባት ቀላል ጉዳት አይደለም።

በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ እንዳይጠፋ ሌላ ቅጂ ተዘጋጅቶ በተለየ ቦታ ይቀመጣል። ይህም መጠባበቂያ ቅጂ ይባላል። ይሁን እንጂ ፋይል ማለት የተጻፈው ቃል ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን ሊያነበውና ማን ሊያርመው እንደሚችል የሚገልጽ ምልክትም አብሮት ይኖራል።

ዩኒክስና ሊኑክስ በተባሉት ሥርዓቶች የፋይል ባለቤት የሚመዘገበው በቁጥር ነው። ለምሳሌ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር 1001 የመዝገብ ሹሙ ቁጥር ቢሆንና በአዲሱ ግን ይኸው ቁጥር ለሌላ ሠራተኛ ቢሰጥ፣ ቁጥሩን ብቻ ተከትሎ የተመለሰው ፋይል ለማይገባው ሰው ይከፈታል። እንዲሁም ተራ ተጠቃሚ ቅጂውን ሲመልስ ፋይሎቹ በራሱ ስም ይሆናሉ።

ስለሆነም በመጀመሪያ የተጠቃሚዎቹ ስምና ቁጥር በአዲሱ ኮምፒውተር እንደ ቀድሞው ይመዘገባል። ቀጥሎ ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ፣ «ታር»ን በመሰለ ባለቤትነትን በሚጠብቅ ፕሮግራም ፋይሎቹን ይመልሳል። በመጨረሻም ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው ይዘታቸውና ባለቤታቸው ይመረመራል። መዝገቡ በእርግጥ ተመለሰ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው።