ሐይቅ የተባለው ሐይቅ

(ምስል፦ ከከፍታ የተቀረጸ፤ ውሃው፣ ወደ ውስጥ የገባው ደናማ መሬት፣ ከጀርባ የአምባሰል ተራሮች። ድምፅ፦ ክራር፣ ዝቅ ብሎ።)

ተራኪ፦ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ፣ በስተቀኝ ውሃ ይታያል። ስሙ? ሐይቅ። ከተማውስ? ሐይቅ። ገዳሙ? ሐይቅ እስጢፋኖስ። ጣና ስም አለው። አሸንጌም አለው። የዚህ አገር ሰው ግን በዓለም ሌላ ሐይቅ የሌለ ይመስል፣ በደፈናው ሐይቅ ብሎት ቀረ። ያውም አርዲቦ ከበላዩ ተኝቶ ሳለ!

በአንዳንድ የጥናት ጽሑፎች ሎጎ ወይም ሉጎ የሚል ስምም አለው። ተጓዥ የሚያውቀው ግን ሐይቅን ነው።

እንግዳ ሲመጣ ነገሩ ተደራረበ። እንግሊዝኛው «ሌክ ሐይቅ» አለ፤ ጣሊያንኛው «ላጎ ሐይቅ»። ሐይቅ ሐይቅ እንደ ማለት። በእንግዳ ብቻ አንስቅ፤ እኛም «የሐይቅ ሐይቅ» እንላለን።

(ምስል፦ የቆዩ ካርታዎች፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም በቅርበት።)

አጻጻፉማ ሌላ ጣጣ ነው። አውሮፓውያን ቅ የላቸውም። ስለዚህ አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው፣ ጣሊያኑ በሲ ይጨርሰዋል። የፊተኛውን ሐ ደግሞ በአማርኛ እኛው ራሳችን ከሀ ጋር ካቀላቀልነው ቆይተናል። ለሁለቱም ድምፅ የቀረበ ፊደል ያለው ዐረብኛ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ይከብዳል፦ በዐረብኛ ይህን ስፍራ የመዘገበው ዐረብ ፋቂህ፣ የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ሰው ነው። በ1531 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጦሩ እዚህ ደረሰ፤ የገዳሙም ሀብት ተወሰደ። የስሙን ድምፅ አቅርቦ መጻፍ የሚችለው ብዕር፣ የዘራፊውን ወገን ታሪክ የጻፈው ብዕር ነበር።

(ምስል፦ የገዳሙ ቅጥር፤ መነኮሳት ሲያልፉ። ድምፅ፦ ደወል።)

ምን ነበርና ነው የተዘረፈው? አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1248 (እ.ኤ.አ.) ገዳሙን አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት የከበረ ወንበር ነበረው። በ1280 ግድም (እ.ኤ.አ.) የተጻፈው የኢየሱስ ሞአ ወንጌል፣ የጻድቁ ምስል ያለበት ብራና፣ ከዚያ ሁሉ ተርፏል።

(ምስል፦ ቄጤማ፣ ውሃ፣ የአሣ አጥማጅ ታንኳ። ሙዚቃው ይቆማል።)

ከኢማሙ 11 ዓመት በፊት፣ በ1520፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ቄስ በዚህ በኩል አለፈ። ከመልእክተኛው ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋር ወደ ንጉሡ ወደ ልብነ ድንግል የሚሄድ ነው። ሌላው ስለ ንጉሥና ስለ ድንኳን ሲያስብ፣ እሱ ውሃውን ያያል። ደሴቱን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም፣ የመነኮሳቱን ብዛት ይጽፋል። ሎሚውን፣ ብርቱካኑን፣ ትርንጎውን ሳይቀር። መነኮሳቱ የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው፤ አራት ትልልቅ ቅሎች ታስረውበት ይንሳፈፋል። ውሃው ውስጥ ትልቅ አውሬ አለ፤ አገሬው የሚለውን ሰምቶ በራሱ ፊደል ያሰፍራል፦ ጉማሬ። የፖርቱጋልኛ ማብዣ ይቀጥልበትና «ጎማራስ» ይሆናል። ደብተር የያዘ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የራሱን ቃል ያለብሳል፤ ይኼኛው ጠይቋል፣ አዳምጧል። ቀጥሎም ስለ አንድ አሣ ያወራል፦ ራሱ ሰፊና አስቀያሚ፣ ቆዳው ልሙጥ፣ ሥጋው ግን ከጣፋጭም ጣፋጭ። የአምባዛ ወጥ የቀመሰ ሰው የቱን አሣ እንደሚል ይገባዋል። ስሙን አለመጻፉ ይቆጫል።

ዛሬ እዚህ ከመረብ ብዙ የሚወጣው ቆሮሶ ነው። እሱን አልቫሬዝ አላየውም። ዘሩ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፦ አምባሰል፣ በማሲንቆ።)

የሰማችሁት ቅኝት ስሙ፣ ከሐይቁ ጀርባ እንዳሉት ተራሮች፣ አምባሰል ነው። ባቲም እንዲሁ፤ ሁለቱም የወሎ ስፍራዎች ናቸው። በውጭ አገር የኢትዮጵያን ጃዝ የሚያጠና ወጣት «አምባሰል» ሲል ስለ ድምፅ ነው የሚያወራው፤ ተራራ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ስሙ ግን ሳይተረጎም ነው የሄደው።

(ምስል፦ መንገዱ ከመሬት እስከ ገዳሙ በር፤ ረጅም ቀረጻ፣ ሳይቆረጥ።)

ይህ ዝግጅት ሲታሰብ በታንኳ ወደ ደሴቱ እንድንሻገር ነበር። ምስሉ እምቢ አለ። ደሴት የለም። ድሮ በቅል የተሻገሩበትን ዛሬ በእግር ይሄዱበታል፤ ውሃው ሸሽቶ ገዳሙ ከየብስ ተጣብቋል። ስለ ስሙ ያዘጋጀነውም ጽሑፍ እዚህ ላይ መስተካከል ነበረበት። በግዕዝ ሐይቅ በመጀመሪያ የውሃ ስም አይደለምና። ዳርቻ ነው፤ ባሕሩ የሚያልቅበት፣ መረብ የሚጎተትበት ዳር። አማርኛ ነው ወደ ውሃው ያስገባው።

ዳርቻው ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ውሃው መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባለት ዝናብና ከአርዲቦ የሚወርደው ጅረት ነው፤ የሚወስድበት ፀሐይና በዙሪያው ያለው መስኖ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው እየተባለ በየመጽሐፉ ይጻፋል፤ ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ክፍል ጅረቱን ይዘን ወደ ላይ፣ ወደ አርዲቦ እንወጣለን።

(ሙዚቃ። የአዘጋጆች ስም።)