የሳጥኑ ቁመት

«የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዙን ዋሻ ውስጥ ነው አይደል የሚከቱት?» ያላለኝ ሰው የለም። ዋሻ የለም! ብርጭቆ ውስጥ ጤፍ ሙሉና የጨው ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ገንፍሎ ሳይፈስ ብዙ ይጠጣል። ከኖርዌይ ወዲያ፣ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች የተኛው የኡትሲራ አሸዋም እንዲሁ ነው፤ ከሲሶው በላይ የጨው ውሃ የሞላው ክፍተት ነው። በስላይፕነር የጋዝ ማውጫ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ወደዚያ ይወርዳል፤ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን፣ 1 ሺህ ሜትር ያህል ጥልቀት። ለዚህ የኖርዌይ የካርቦን ታክስም ገፋፍቷል።

ጋዝ የምለው ለልማዱ ነው፤ እዚያ ታች ታምቆ ወደ ፈሳሽ ይጠጋል። ያም ሆኖ ከጨው ውሃ ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ያለው የጭቃ ድንጋይ እንደ አከምባሎ ይከድነዋል። በጊዜ ብዛት ከፊሉ እንደ አምቦ ውሃ ይሟሟል።

የኔ ፍቅር ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የጋዙን ጉዞ የሚተነብየው ሞዴል አሸዋውን በሳጥን በሳጥን ሸንሽኖ የያንዳንዱን ግፊትና የጋዝ ድርሻ ያሰላል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለው ሁሉ ለሞዴሉ አንድ ወጥ ነው፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከክዳኑ ሥር የተነጠፈው ጋዝ ውፍረቱ 2 ሜትር፣ ሳጥኑ 10 ሜትር ቢሆን፣ ሞዴሉ «ቢበዛ 20 በመቶ ጋዝ» ብሎ ያልፋል። ወጥ ላይ የሰፈፈውን ቅቤ መልሶ እንደ ማማሰል ነው። የተማሰለው ጋዝ ውሃ መንገድ እየዘጋበት ያዘግማል፤ እውነተኛው ስስ ንጣፍ ግን በክዳኑ ሥር ተንሸራቶ ርቆ ሄዷል።

ተማሪ ሳለሁ ከሞዴሉ ያወጣሁትን ቀይና ሰማያዊ ሥዕሌን ይዤ መምህሬ ዘንድ ገባሁ። ቀለሙን ቀና ብለው ሳያዩ «የላይኛው ሳጥን ስንት ሜትር ነው?» አሉኝ። 12 ነበር። አሳንሼ ስደግመው ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ፤ ጋዙም ካሰብኩት በላይ ርቆ አደረ።

ስላይፕነርም ብዙዎችን አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 በድምፅ ሞገድ የተነሳው ምስል ጋዙ በዘጠኝ ንጣፍ ተደራርቦ እንደተቀመጠ አሳየ፤ የለያዩት በአብዛኛው 1 ሜትር ገደማ የሆኑ ስስ የጭቃ ድንጋዮች ናቸው። የላይኛው ንጣፍ የክዳኑን ጉብታ ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲገሰግስ በርካታ ሞዴሎች ሊደርሱበት አልቻሉም። ጥፋቱ የሳጥን ብቻ አይደለም፤ የሙቀትና የክዳኑ ቅርጽ ግምትም አለበት።

ባለቀለሙን ሥዕል ቆርጣችሁ ሪፖርት ላይ የምትለጥፉ ግን እባካችሁ፣ የሳጥኑን ቁመት ከሥሩ በሜትር ጻፉልን።