ያውቁ ኖሯል? ከበር እስከ መርፌ 20 ደቂቃ

የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል። ስለዚህ የአንድ ሆስፒታል የስትሮክ ሕክምና ጥራት ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ሰዓት ነው፤ በሽተኛው በሩን ካለፈ በኋላ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በስንት ደቂቃ ተሰጠው?

በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ1998 እ.ኤ.አ. ይህ 105 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በ2011 ወደ 20 ወረደ። ተአምረኛ መድኃኒት ተገኝቶ አይደለም፤ የተቀየረው አሠራሩ ነው። አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ይደውላል፣ ሐኪሙም የበሽተኛውን የቀድሞ መዝገብ አስቀድሞ ያያል። በሽተኛው ድንገተኛ ክፍል አልጋ ሳይጠብቅ ከነቃሬዛው በቀጥታ ሲቲ ስካን ይገባል፤ መድኃኒቱም እዚያው የምርመራ ጠረጴዛው ላይ ይሰጠዋል። ምርመራው ግን አይዘለልም፤ ስትሮኩ የመጣው አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ ያው መድኃኒት ሊገድል ይችላልና።

መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ካዩ ውሃ አይስጡት፤ ትን ሊለው ይችላል። ደህና ሆኖ የታየበትን የመጨረሻ ሰዓት ይያዙና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።