«ለእሳቸው ምን ላምጣ?»

ቅኔ ሲያስተምሩ ከኖሩ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ጋራ ከቅዳሴ መልስ ቡና ልንጠጣ ገብተን ሳለ፣ አስተናጋጁ ወጣት ፊቱን ወደ እኔ መልሶ «ለእሳቸው ምን ላምጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ የተሰወረው ዓይኔ እንጂ አፌ አይደለም፤ ጥቁር ቡና፣ ያለ ስኳር» አሉት።

ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም። የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው የልቡናውም ብርሃን አብሮ ይደበዝዛል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንደ ርስት ወርሰነዋል። ነገር ግን ብራና ለማየት ያልታደሉ ደቀ መዛሙርት ዜማውንና ቅኔውን በቃል አጥንተው ወንበር ዘርግተው ባስተማሩበት አገር ይህ ተረት እስከ ዛሬ መዝለቁ ይደንቀኛል። በእስክንድርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትምህርተ ሃይማኖቱን ጉባኤ የመራው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበረ፤ ፊደልንም የለየው በእንጨት ላይ ተቀርጾለት በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ሆነ ይነገራል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብራይልም በ3 ዓመቱ ከአባቱ የቆዳ መሥሪያ ውስጥ ወስፌ ወግቶት ብርሃኑን ቢያጣ፣ በ1829 እ.ኤ.አ. በ6 ነጥቦች የሚነበብ ጽሕፈቱን አሳተመ፤ ዛሬ የእኛም ፊደል በእነዚያው ነጥቦች በጣት ይነበባል። በ5 ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤም በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት ስለ ታዘነላቸው ሳይሆን ስለ ሠሩ ነው።

ከዚህ የከፋው ተረት ዓይነ ስውርነትን የወላጅ ኃጢአት ወይም እርግማን የሚያደርገው ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ አንድ ዓይነ ስውር ይህንኑ ቢጠይቁ ጌታ የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት አይደለም ብሎ መመለሱን እየሰማን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንረሳዋለን። በ1998 ዓ.ም. ግድም በአገራችን የተደረገው ጥናት ከመቶው ሰው 1.6ቱን ዓይነ ስውር ሆኖ ሲያገኘው፣ የግማሹ መንሥኤ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሣ የዓይን ሞራ ነበረ። ትራኮማም አለ፤ ፊት መታጠቢያ ውሃ በሚያጥርበት መንደር ዝንብ ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወደ ሌላው የሚያሻግረው፣ መላልሶ ሲይዝም ቆቡን አጥፎ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ የሚያዞር ደዌ ነው። እናቶች ብሌናቸውን የሚቧጥጠውን ጸጉር በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይገፋሉ፤ ይህን ወረንጦ በእጇ የያዘችን ሴት ደግሞ ጎረቤት ስለ አባቷ በደል ያወራባታል።

ዓይነ ስውር ሁሉ ጨለማ ውስጥ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ ብርሃንና ጥላ የሚለዩ፣ ቅርጽም የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ባለማወቅ በትር ይዞ ወደ ስልኩ የሚያጎነብሰውን ሰው «አስመሳይ» የሚሉ አሉ። ጆሮው ከሰው ሁሉ የነቃ ነው የሚለው ውዳሴም ቢሆን ልምምዱን ሰርቆ ለተአምር መስጠት ነው።

ልንወጣ ስንል አስተናጋጁ መልሱን ለእኔ ሰጠኝ፣ ገንዘቡን ግን የከፈሉት መሪጌታ ነበሩ። ከደረጃው ላይ ሲደርሱም «አባባ፣ ልምራዎት» ብሎ በትራቸውን ያዘና ጎተተ። እርሳቸው በትሩን ቀስ ብለው አስለቀቁት፣ ክንዱን ከክርኑ በላይ ያዙና «አንተ ግማሽ እርምጃ ቅደም፤ እኔ እከተላለሁ» አሉት፤ ሁለቱም ደረጃውን ወረዱ።